ቃሬዛ አልባ ቀበሌ

በሽኝቴ ዕለት ስለ እኔ ከተነገረው ውስጥ ያለ ጥርጥር እውነት የነበረው ስሜ ብቻ ነው። የመድረክ መሪው ማይኩን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ «በሥራ ዘመናቸው ያቀዱት ሁሉ የተሳካላቸው» ብሎ ጀመረ። ያቀደው ሁሉ የሚሳካለት ወይ እግዚአብሔር ነው፣ ወይ ሪፖርቱንም ራሱ የሚጽፍ ሰው ነው። እኔ ሁለተኛው ነበርኩ። ጋቢ አለበሱኝ፤ በመስታወት የገባ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ጭብጨባው ሳያበቃ ግማሹ ሰው ወደ ምሳው ዞሯል። አልተቀየምኩም። ዕድሜዬን ስብሰባ ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ ከንግግር በኋላ ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ።

ጡረታ የወጣሁት ጊዜዬ ሞልቶ አይደለም። ሃምሳ አምስት ዓመቴን እንደደፈንኩ በገዛ ፈቃዴ ጠይቄ ነው። ለምን ሲሉኝ «ወገቤን ያመኛል» እላለሁ። ወገብ ጥሩ ምክንያት ነው፤ ማንም አይከራከረውም። ወገቤ ግን ደህና ነው። የወጣሁበትን ምክንያት ስለማውቀው፣ አሁን ጊዜም ስላለኝ፣ እዚህ እንጅባራ ቤቴ ተቀምጬ ልጽፈው ወሰንኩ።

ሥራዬ ዕቅድ መጻፍ ነበር፤ የጤና ዕቅድ። አንድ ወረዳ በሚቀጥሉት ዓመታት ሕዝቡ እንዴት ያነሰ እንደሚታመም፣ እናቶች እንዴት በሰላም እንደሚወልዱ፣ ማን ምን እንደሚሠራ በሰንጠረዥ ማስቀመጥ። ሐኪም አይደለሁም፤ መርፌ ወግቼ አላውቅም። እኔ የወጋሁት በወረቀት ነው።

ሥራ የጀመርኩት በተወለድኩባት ዳንግላ ነው። ከኮሌጅ ስወጣ ያነበብኩት መጽሐፍ ብዙ፣ ያየሁት የገጠር ሽንት ቤት ግን ጥቂት ነበር። ጉድለቴን ያስተካከሉልኝ ጋሽ ፈንታ ናቸው። የአዘና አካባቢ ሰው፣ በሙያቸው ሳኒታሪያን፤ በዘመኑ አጠራር «የጤና ጠባቂ»። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይለይ ሰው። አገውኛውንም አማርኛውንም እኩል ይናገራሉ። እኔ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ አገውኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር፤ አሁንም አያልፍም። ከጸጸቶቼ አንዱ ነው፣ ትንሹ ግን እሱ ነው።

ጋሽ ፈንታ ዕቅድ የሚጀምሩት ከወፍጮ ቤት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንቴ «ና፣ መረጃ እንሰብስብ» ሲሉኝ ቅጼን በሙሉ በቦርሳዬ ይዤ ተከተልኳቸው። ወስደው ሴቶች ተራ ከሚጠብቁበት የወፍጮ ቤት ደጃፍ አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ሴቶቹ ያውቋቸዋል።

«ጋሽ ፈንታ፣ ዛሬም ባዶ እጅዎን መጡ?» አለች አንዷ። «ሚስትዎ እህል አትልክም እንዴ?»

«እኔ የማስፈጨው ወሬ ነው።»

«እንግዲያው ይቀመጡ፤ አልመን እንፈጭልዎታለን!»

ፈጩላቸውም። እስከ ምሳ ሰዓት የማን ልጅ ተቅማጥ እንደያዘው፣ የትኛው ምንጭ እንደደፈረሰ፣ ማን አርግዛ እግሯ እንዳበጠ ሁሉንም ሰማን። ጋሽ ፈንታ አንዲት ነገር አልጻፉም። ቢሮ ሲመለሱ በሩን ዘግተው፣ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ጻፉ። «ፊቷ ላይ ብጽፍ ለመንግሥት ታወራለች፤ ካልጻፍኩ ለእኔ ታወራለች» አሉኝ።

ሌላም ብዙ ነገር አስተማሩኝ። መንደር ሲገቡ ከመኪና ቀድመው ወርደው በእግራቸው ነው የሚገቡት። ሽንት ቤት ሲጎበኙ መጀመሪያ የሚያዩት ወደ እሱ የሚወስደውን መንገድ ነው። ሣሩ ተረግጦ ካልሞተ ቤቱን አይከፍቱትም። በሩ ላይ የሸረሪት ድር ካለ «ይሄ ለእኛ የተቆፈረ ነው፤ ለሪፖርት» ይሉና ያልፋሉ። ባለቤቱን አያሳፍሩም። ከታመመ ሰው ቤት ሲገቡ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ ያው ነው፤ መጨረሻ የታመመው ማነው? መጀመሪያ ምን አደረጋችሁለት? ማን ተሸክሞ አደረሰው? ሦስተኛው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ዕቅዳቸውን እስከ መጨረሻው ቀን በእርሳስ ይጽፋሉ። ከዕቅዱም ሁሉ ፊት አንድ ገጽ አለች፤ ርዕሷ «የማይነኩ» ይላል። በዚያች ገጽ ላይ ሕዝቡ ያለ እኛ አስቀድሞ ደህና አድርጎ የሚሠራውን ይዘረዝራሉ። በአንዱ መንደር ሴቶች ምንጭ በተራ እንደሚጠርጉ፤ በሌላው ለአራስ ገንፎ ዱቄት እንደሚያዋጡ፤ በሌላው ቃሬዛ ማኅበር እንዳለ። አንድ ቀን የመጽሐፍ አዋቂነቴ ገፋፋኝና ጠየቅኳቸው።

«ጋሽ ፈንታ፣ እኛ የሌለንበት ነገር ዕቅዳችን ውስጥ ለምን ይገባል?»

«እንዳንገባበት ነዋ!» አሉ።

ቃሬዛ ማኅበርን ለማያውቅ ልንገረው። እንደ ዕድር ያለ ነገር ነው። የመንደሩ ወንድ ሁሉ አባል ነው። ሰው ሲታመም ቀንድ ይነፋል፤ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይመጣል። አራት ሰው ይሸከማል፣ ሌላው ሊቀይር ይከተላል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ እስከ ጤና ጣቢያው ወይም እስከ አስፋልቱ ያደርሱታል። ቃሬዛው እንደ እኛ አገር ቀርቀሃ ነው፤ ሁለት ረጅም ቀርቀሃ፣ መሐሉ በጠፍር የተጠላለፈ። የሚቀመጠው ከማኅበሩ ዳኛ ቤት ነው።

ከዳንግላ በኋላ ወረዳ ቀያየርኩ። አለቆችም ተቀያየሩ። አንዱ ስብሰባ ላይ ይተኛ ነበር፤ ከሁሉም ጉዳት ያላደረሰው እሱ ነው። አንዱ በየሰበቡ ያሠለጥነን ነበር፤ አዲስ የአሠራር ማሻሻያ በመጣ ቁጥር የድሮውን እንድናወግዝ ያዝዘን ነበርና፣ በየሁለት ዓመቱ ራሳችንን እናወግዝ ነበር። ደሞዙ እንደ ሁሉም ሰው ደሞዝ ነበር። መጻሕፍቴን ከቦታ ቦታ በጆንያ አዛውራለሁ፤ በየቢሮው «ፈላስፋው» ይሉኛል። ስድብ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ደስ ይለኝ ነበር።

በመጨረሻ ስሙን ወደማልጽፈው ወረዳ ተዛወርኩ። የቀበሌውንም ስም አልጽፍም። የቀሩት ሰዎች አሁንም እዚያ ይኖራሉ፤ ስማቸውንም ለውጫለሁ። ከአዊ ዞን ደጋዎች አንዱ ነው ብል ይበቃል። ገበሬው ዴከረንስ የሚሉትን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል፤ ጭሱ ከኮረብታው ሥር ቀኑን ሙሉ ይነሳል። ክረምቱ ጭቃ ነው። በጋውም ክረምቱን አይረሳም።

እዚያ ያገኘሁት አለቃ ክፉ ሰው አልነበረም። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተተኮሰ፣ ሥራ ወዳድ ሰው ነው። አንድ ድክመት ነበረው፤ ዜሮ ይወድ ነበር። ዜሮ ወባ፣ ዜሮ የቤት ውስጥ ወሊድ፣ ዜሮ ቅሬታ። የወረዳውን የጤናና የደኅንነት ስትራቴጂ አዘጋጅ ሲለኝ እውነቴን ነው፣ ጓጓሁ። የዕድሜዬ ትልቁ ሥራ ነበር። በትልቅ ወረቀት የችግር ዛፍ ሣልኩ፤ ሥሩን፣ ግንዱን፣ ቅርንጫፉን በየቀለሙ። ከላይ የመጣልኝ ቅጽ ብዙ ዓምድ ነበረው፤ ለጋሽ ፈንታ ገጽ ግን ቦታ አልነበረውም። እሳቸው ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ዳንግላ ነበሩ። «የማይነኩ» የምትለዋን ገጽ ከረቂቁ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ቅጹ ላይ የለችም፣ አበቃ።

እናቶች ከወሊድ ጋር በተያያዘ እንዳይሞቱ ማድረግ ከግቦቹ ዋነኛው ነበር። ወረዳው አዲስ አምቡላንስ አግኝቶ ስለነበር ብዕሬ ተነሣሣ። «ነፍሰ ጡር እናት በቃሬዛ የማትጓዝበት ወረዳ መፍጠር» ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩን አሁንም ሳነበው ያምራል። ትልቁ ችግሩም ማማሩ ነው።

አለቃዬ አነበበና ጠረጴዛውን መታ። «ይቺን ወደድኳት! ግን ቁጥር ስጣት እንጂ።»

«ምን ዓይነት ቁጥር?»

«ዜሮ ነዋ! ዜሮ ቃሬዛ።»

እንግዲህ አመልካቹ እንዲህ ሆነ፤ በቀበሌው ያለ ቃሬዛ ብዛት። ቃሬዛ ከሌለ ቀበሌው አልፏል። ሰው ቃሬዛ የማያስፈልገው ሆነ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ዓምድ አልነበረም። በሽታን ለማጥፋት መድኃኒት ቤት እንደ መዝጋት ነው። የሚለካው ነገር ዋናውን ነገር ሊበላው እንደሚችል ከአንድም ሁለት መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር፤ አስምሬበትም ነበር። ያሰመርኩበትን ሁሉ ያወቅሁት ይመስለኝ ነበር።

ዕቅዱን ለማስተቸት ወደ ቀበሌው ወረድን። ሰው በቀበሌው አዳራሽ ሞልቷል፤ የአክሳዮቹ ጥፍር ጥቁር ነው። እኔ የችግር ዛፌን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ተናገርኩ። ስጨርስ አያ ተገኘ ተነሡ፤ የቃሬዛው ማኅበር ዳኛ ናቸው። አጭር፣ ትከሻ ሰፊ ሽማግሌ። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል።

«መኪናዋ ትምጣ» አሉ። «ትከሻችን ደስ ይለዋል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ።»

«ይጠይቁ፣ አያ።»

«ሐምሌ ላይ ከወንዙ ወዲህ ያለውን ጭቃ ታልፈዋለች?»

«መንገዱም በዕቅድ ተይዟል።»

«ተይዟል?»

«ተይዟል።»

«በል እንግዲያ መንገዱ ሲደርስ ቃሬዛውን እንጥላለን። ምን አስቸኮላችሁ?»

አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ «አያ ተገኘ ዳኝነታቸው እንዳይቀርባቸው ነው!» ብሎ ጮኸ።

አያ ተገኘ ዞር እንኳ አላሉም። «አዎን፤ አንተን የሚያህል ገንቦ ያለ እኔ ማን ያሸክማል ብዬ ነው።» ሳቁ ሲበርድ ወደ እኔ ተመለሱ። «ይሄ እንጨት ብቻ አይምሰልህ። ዳገት ስንወጣ አጫጭሮቹን ከፊት አደርጋለሁ፤ ቁልቁለት ስንወርድ ረጃጅሞቹን። በሽተኛው እንዲስተካከል ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚራመድ፣ ማን እንደሚደክም አውቃለሁ። ይሄ አንድ ክረምት ከተቋረጠ ይጠፋል። ቀንዱ ቢነፋ ማንም ቦታውን አያውቅም።»

ከዚህ የበለጠ ግልጽ አማርኛ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፤ «ነባር ልማድን ለመተው ፈቃደኛ አለመሆን፤ የግንዛቤ ክፍተት።» የእኛ መሥሪያ ቤት አንድን ሰው ልክ ነህ ላለማለት ካወጣቸው ቃላት ሁሉ ግንዛቤን የሚያህል የለም።

ቀበሌው በዓመቱ «ቃሬዛ አልባ» ተብሎ ተመረቀ። የአዊ ፈረሰኞች በጌጥ ወጡ፤ ፈረሶቹ እንደ ሙሽራ አጊጠው ሜዳውን ዞሩት። ማኅበሩ በቃለ ጉባዔ ፈረሰ፤ አያ ተገኘ ቀንዱንና ቃሬዛዎቹን ለሊቀ መንበሩ አስረከቡ። «ቃሬዛ አልባ ቀበሌ» የሚለው ሰፊ ጨርቅ የተዘረጋው በምን ላይ ነበር ቢሉ፣ በሁለት የቃሬዛ ቀርቀሃ ላይ ነው። ሌላ ረጅም እንጨት አልነበረም። ያን ጊዜ አይቼው ፈገግ አልኩ፤ ለጽሑፍ የሚሆን ነገር መሰለኝ። ቀርቀሃዎቹ በኋላ የጤና ኬላው አጥር ሆኑ። ጎረቤት ወረዳዎች ምርጥ ተሞክሮ ብለው ሊጎበኙን መጡ።

በሚቀጥለው ሐምሌ ያልጋነሽ የምትባል ወጣት ሴት ምጥ ያዛት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ባሏ ደሴ አክሳይ ነው። እንደነጋ ወደ ኮረብታው ሮጠ፤ ኔትወርክ ያለው እዚያ ነው። ደወለ። አምቡላንሷ ወጣች፤ ከወንዙ ወዲህ ያለው ጭቃ ላይ ተቀረቀረች። ሹፌሩ መልሶ ደውሎ «ከቤት አትንቀሳቀሱ፣ እየደረስኩ ነው» አለው። ስለዚህ ጠበቁ። ያልጋነሽ እቤቷ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ደህና ነች፤ እናቲቱ ግን ደሟ አልቆም አለ።

የቀረውን ከአያ ተገኘ ነው የሰማሁት። ደሴ ሰው ፍለጋ በየቤቱ ሮጠ። ሰው በየእርሻው ነው፤ የሚነፋ ቀንድ የለም። አያ ተገኘ ጥቂት ሽማግሌዎች ይዘው ወደ ጤና ኬላው ሄዱና የገዛ ቃሬዛቸውን ከአጥሩ ነቀሉ። ቀርቀሃው አፈር ውስጥ ከርሞ በስብሷል፤ ሲያነሱት ተሰበረ። በመጨረሻ የደሴን ቤት በር ነቅለው በበሩ ላይ አስተኟት። በበር ላይ ሰው ተሸክሞ ቁልቁለት መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ነገሩኝ፤ እኔ አልጽፈውም። አስፋልቱ ሲታይ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። እሷ አላየችውም።

እናት ስትሞት ግምገማ ይደረጋል። ደንቡ ጥሩ ደንብ ነው። መዘግየቱ ከሦስቱ የት ላይ እንደነበረ ይጠየቃል፤ ቤተሰቡ ለመወሰን ዘግይቶ ነው? ወስኖ መጓጓዣ አጥቶ ነው? ወይስ ደርሳ ሕክምናው ዘግይቶባት ነው? ከሦስቱ ሣጥን በአንዱ ላይ ምልክት ይደረጋል። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። የአምቡላንሱ የጥሪ መዝገብ ከፊቴ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ደሴ የደወለው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

«አንደኛው ላይ አድርገው» አለ አለቃዬ።

«መዝገቡ ሁለተኛው ነው የሚለው።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። አልተቆጣም። «ቃሬዛ አልባ ብለን ካስመረቅነው ቀበሌ የመጓጓዣ መዘግየት ሊወጣ ነው? እስቲ አስበው። ዕቅዱ ያንተ ነው እኮ።»

አሰብኩ። ዕቅዱ የእኔ ነው። «ባለቤቷ ወደ ጤና ተቋም ለመውሰድ ለመወሰን ዘግይቷል» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ጥሩ ነው፤ ማንም ሳይቸገር ያነበዋል።

አነበቡትም። እኔ የዚያ ወረቀት ዕጣ መደርደሪያ ነው ብዬ ነበር፤ ወረቀት ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነውና። ግን ከግምገማ የተገኘ ትምህርት ለማኅበረሰቡ ይወርዳል የሚል ደንብ አለ፤ ከብዙ ደንቦቻችን መካከል የሠራው ይሄኛው ሆነ። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሰናይት ሴቶችን ሰብስባ አስተማረች፤ አንድ ባል ለመወሰን በመዘግየቱ ሚስቱን አጣ። ስም አልጠራችም። መጥራት አያስፈልግም ነበር። ከተሰበሰቡት ሴቶች መካከል የያልጋነሽ እናት እማማ ውድነሽ ተቀምጠው ነበር። አራሷን ልጅ ለማሳደግ ወደ ቤታቸው የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደሴ ደጃቸውን እንዳይረግጥ ከለከሉት።

ሰናይት ይህን የነገረችኝ ለሪፖርት ቢሮ መጥታ ነው። «ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው ያነበብኩት» አለችኝ። «እኔ ምን አውቃለሁ? በዚያን ቀን ሥልጠና ላይ ነበርኩ።»

 ሪፖርቷን ተቀበልኳት።

በዚያው ዓመት ዳንግላ ወርጄ ጋሽ ፈንታን ጠየቅኳቸው። ታመው ነበር፤ ከአልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያወጣኋትን ገጽ፣ ዜሮውን፣ ሣጥኑን። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ እንዲቆጡኝም ፈልጌ ነበር። ሲቆጡኝ ይቀለኛል ብዬ አስቤ ይሆናል።

«ባልየው ያውቃል?» አሉ።

«ምኑን?»

«እንዳልዘገየ።»

«አያውቅም።»

ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወሩ። እስኪሞቱ ድረስ ብዙ ጊዜ ጠየቅኳቸው፤ አንድም ቀን አላነሡብኝም። እኔ ግን በገባሁ ቁጥር ያነሡታል ብዬ እየጠበቅኩ ነበር የምቀመጠው።

ስድስት ዓመት ዝም አልኩ። ምክንያት ነበረኝ፤ የተማረ ሰው ምክንያት አያጣም። እውነቱን ብናገር ሰው በጤና ተቋም ላይ እምነት ያጣል እል ነበር። ቁስል መቀስቀስ ነው እል ነበር። ይህን እያልኩ ቢሮ ውስጥ በዓመታዊ ዕቅድ ላይ ዓመታዊ ዕቅድ እጽፍ ነበር። ከዚያ መጻፍ አቃተኝ። «ግንዛቤ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። ወገቤን ያመኛል ብዬ ማመልከቻ ያስገባሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሽኝቱ በኋላ ጥር ሲገባ፣ መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ቀን፣ ከእንጅባራ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ ሄጄ፣ ቀሪውን በእግሬ ወጣሁ። ደሴን ያገኘሁት ከከሰል ጉድጓዱ አጠገብ ነው። በአካፋ አፈር ይመልሳል። ሲያየኝ አካፋውን ተክሎ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ።

«እንደምን ዋሉ። ከጤና ነዎት አይደል? አውቅዎታለሁ።»

«ከጤና ነበርኩ። ወጥቻለሁ።»

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ጭሱ ወዲያ ነው።»

ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ መግቢያና መደምደሚያ ያለው። ረሳሁት። «ደሴ፣ በዚያን ቀን የደወልከው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው» አልኩት። «መዝገቡን ያኔ አይቼዋለሁ። ዘግይቷል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አልዘገየህም።»

 ከጉድጓዱ ጭስ የሚያፈስ ቀዳዳ አይቶ ሄዶ ደፈነው፤ ከዚያ ተመልሶ ቆመ።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል?»

«አዎ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በሹፌሩ እጅ የተጻፈ ነው።»

«እኔ እኮ ረስቼው ነበር» አለ። «መጀመሪያ ቶሎ ደውያለሁ እል ነበር። ሰው ሁሉ ዘገየህ፣ ዘገየህ ሲለኝ፣ በኋላ ላይ ኮረብታው ላይ ስወጣ ቆሜ ያረፍኩ መሰለኝ። የት ጋ እንዳረፍኩ ሁሉ ይታየኝ ነበር። አንድ ድንጋይ አለ፣ እዚያ።» በእጁ ወደ ኮረብታው አሳየኝ። «በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያንን ድንጋይ አያለሁ።»

ይቅርታ አድርግልኝ ልል አፌን ከፈትኩ።

«ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?» አለ። እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ነበር የሚለኝ። «ልጄን የማያት ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው፤ ያውም ከሩቅ። ተነሥ። ለእማማ ትነግራቸዋለህ።»

ተነሣሁ። የእማማ ውድነሽ ቤት ከጅረቱ ማዶ ነው። ደሴ ከፊት ከፊት፣ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ ሳያይ ይሄዳል። ከግቢው በር ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ተረግጦ የማያውቅ መሬት ይመስል እግሩን ሰብስቦ ቆመ። እማማ ውድነሽ ከደጃቸው ተቀምጠው ጤፍ ይነፋሉ። እሱን ሲያዩ ወንፊታቸው ቆመ።

«ምን አመጣህ?»

«እኔ ምንም አላመጣሁ፤ ሰው ነው ያመጣሁት» አለ ደሴ። «እርስዎ ይስሙት።»

ገብቼ ከፊታቸው ቆምኩ። ነገርኳቸው። የደወለበትን ሰዓት፣ ጭቃ ላይ የተቀረቀረችውን መኪና፣ «አትንቀሳቀሱ» ያለውን ሹፌር፣ ቃሬዛውን በዕቅድ ማን እንዳስቀረ። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

«ዘገየ ያለው ማነው?» አሉ ስጨርስ።

«እኔ ነኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ሳታውቅ?»

«አውቄ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ብዙ አይደለም፤ ሰው የሌላ መንደር ከብት ከማሳው ሲያገኝ እንደሚያየው ያህል። ከዚያ ወንፊቱን ከጉልበታቸው አውርደው ከጎናቸው አስቀመጡ። ወደ ግቢው በር አሻግረው ተመለከቱ፤ ደሴ አሁንም እዚያው እንደቆመ ነው።

«አንተ» አሉት። ድምፃቸው ቀጠነ። «ምን ቆመሃል? ግባ እንጂ።»

በአጠገቤ አልፎ ሄደ። የቤቱ በር አጭር ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ እሳቸውም ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተከተሉት። እኔን ግባም ሂድም ያለኝ የለም። ከውስጥ የሕፃን ድምፅ «ማነው?» ሲል ሰማሁ። እማማ ውድነሽ «አባትሽ ነው፤ ነይ፣ ሳሚው» አሉ። እኔም ወደ መንገዱ ወረድኩ።